«አጣሪ»፦ የአንድ የውርስ ቃል ታሪክ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ የተረቀቀው በፈረንሳይኛ ነበር። የሟችን ንብረት የሚጠብቀውን፣ ዕዳውን የሚከፍለውንና ወራሾቹን የሚለየውን ሰው ረቂቁ «ሊኪዳተር» ሲለው፣ አማርኛው «የውርስ አጣሪ» አለው። የፈረንሳይኛው ቃል ሥር «ፈሳሽ፣ ጥሩ» የሚል የላቲን ቃል ሲሆን፣ የአማርኛው «ጠራ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ጠላ አተላው ሲዘቅጥ እንደሚጠራ፣ ውርስም ዕዳውና ባለመብቱ ሲለይ ይጠራል። የሥራ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ በሆነው በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ፍርድ ቤቶችም «ዻላ ቁልቁሌሱ» ማለት ውርስን ማጥራት ነው።

አሳሳቢው ቃል ሌላ ነው። ሕጉ ኑዛዜ የሚከፈትበት ያደረገው አርባኛው ቀን ዘመድ ለተዝካር ከሚሰበሰብበት ዕለት ጋር ይገጥማል። ነገር ግን እንደ አዳማና ሞጆ ባሉ፣ የባቡር ሐዲድ ባሳደጋቸው ከተሞች፣ ከልጆቹ አንዱ ርቆ የሚኖር ሟች ብዙ ነው። አጣሪው ለዚህ ወራሽ «ያስታውቃል» ወይስ «ያሳውቀዋል»? «ማስታወቅ» ከ«ማስታወቂያ» ጋር ስለሚዛመድ፣ በሰሌዳ መለጠፍ የሚበቃ ያስመስላል፤ «ማሳወቅ» ግን የተነገረውን ሰው ይጠይቃል። ያልሰማ ወራሽ መቃወም አይችልምና፣ ግዴታው ለታወቀ ሰው ሲሆን ተርጓሚዎች «ለወራሹ ማሳወቅ» እንዲሉ እናሳስባለን። ባለመብቱ ሳይሰማ የተከፈለ ውርስ ገና አልጠራም።