ሌሊቱን ማን ይዝጋ? የፓወር ሜታል አድናቂዎች ክርክርና ከ200 ዓመት በላይ የቆየ እንቆቅልሽ

በሰሜን ጀርመን ቫከን የምትባል የገበሬ መንደር አለች። ነዋሪዎቿ 2,000 ያህል ናቸው። በዓመት አንዴ ግን፣ በሐምሌ መጨረሻ ገደማ፣ የግጦሽ መስኳ ከ80,000 በላይ ሰው የሚሰፍርበት ከተማ ይሆናል። የትም ብታዩ ድንኳን፣ ጥቁር ቲሸርት፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጭቃ ነው። ይህ ቫከን ኦፕን ኤር ነው፤ በዓለም ካሉት ትልልቅ የሄቪ ሜታል ፌስቲቫሎች አንዱ።

የዚህ ሙዚቃ አድናቂዎች በየዓመቱ የሚያነሱት፣ አንድም ጊዜ ተስማምተው የማያውቁበት ጥያቄ አለ፦ ሌሊቱን የሚዘጋው ማን ይሁን? በተለይ ፓወር ሜታል የሚባለው ዘርፍ ወዳጆች በዚህ ነገር አይቻሉም። አንዱ «ሃሎዊን ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?» ይላል። ሌላው «ብላይንድ ጋርዲያን እያለ?» ብሎ ይነሳል። ሦስተኛው የፊንላንዱን ስትራቶቫሪየስ ይጠራል። ከዚያ በኋላ መተኛት የለም።

«ታዲያ ይሄ ከሳይንስ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ይህ ክርክር ሁለት ታሪኮች የሚገናኙበት ቦታ ነው። አንዱ ሊጠፋ ተቃርቦ የተረፈ ሙዚቃ ታሪክ ነው። ሌላው ከፈረንሳይ አብዮት በፊት የተጀመረ የሂሳብ ጥያቄ ነው። ከመጀመሪያው እንነሳ።

ከሃምቡርግ የተነሳው ፍጥነት

ፓወር ሜታል አንድ የልደት ቀን የለውም። ሥሩን የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የእንግሊዙ ሬይንቦው እ.ኤ.አ. በ1976 እስካወጣው «ራይዚንግ» አልበም ድረስ ይሄዳሉ፤ የአይረን ሜይደንን ጥንድ ጊታሮችም ይጨምራሉ። ቅርጹን የያዘው ግን በ1980ዎቹ ጀርመን ውስጥ ነው።

በ1984 ሃምቡርግ ከተማ ላይ ሃሎዊን ተመሠረተ። መጀመሪያ ላይ ካይ ሃንሰን ጊታሩንም ይጫወታል፣ ይዘፍናልም። ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ከባድ ነው። ስለዚህ ሚካኤል ኪስከ የሚባል ገና የ18 ዓመት ልጅ ድምፃዊ አስገቡ። በ1987 እና በ1988 በሁለት ክፍል የወጣው «የሰባቱ ቁልፎች ጠባቂ» የተሰኘው አልበማቸው ለዘርፉ መለኪያ ሆኖ ቀረ፦ በጣም ከፍ የሚል ድምፅ፣ ተከታትለው የሚሮጡ ጊታሮች፣ ሕዝብ አብሮ የሚያዜመው አዝማች፣ ፈጣን ከበሮ።

ፈጣን ስንል ምን ያህል ነው? እናስላው። ዘፈኑ በደቂቃ 180 ምት አለው እንበል። ከበሮኛው በሁለት እግሩ ሁለት ፔዳል እየረገጠ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ 4 ጊዜ ይመታል። 180 ሲባዛ በ4፣ ሲካፈል ለ60፣ በሰከንድ 12 ምት ይሆናል። እግሩ ፋታ የለውም ማለት ነው።

በዚያው በ1984 ክሬፌልድ በምትባል ሌላ የጀርመን ከተማ የተጀመረ ባንድ ነበር፤ በኋላ ስሙን ብላይንድ ጋርዲያን አለ። እነሱ ደግሞ ከተረት ዓለም፣ በተለይም ከደራሲው ቶልኪን መጻሕፍት ይቀዳሉ። ሁለቱ ባንዶች በአድናቂዎች አፍ ተቀናቃኝ ይምሰሉ እንጂ፣ ካይ ሃንሰን ራሱ በብላይንድ ጋርዲያን ቀደምት አልበሞች ላይ በእንግድነት ዘፍኗል። አድናቂ ይጣላል፤ ሙዚቀኛ ይጋበዛል።

ክፉው ዘመን

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ሃንሰን ከሃሎዊን ወጥቶ ጋማ ሬይ የተባለ የራሱን ባንድ አቋቋመ። በ1991 የአሜሪካው ኒርቫና «ኔቨርማይንድ» ሲወጣ የወጣቱ ጆሮ ወደ ሌላ ድምፅ ዞረ። በ1993 ኪስከ ከሃሎዊን ተለየ። ስለ ዘንዶና ስለ ሰይፍ መዝፈን ያለፈበት ሰው ወግ ሆነ።

ይሁን እንጂ እሳቱ አልጠፋም፤ ረመጡን የያዙ ቦታዎች ነበሩ። አንዷ ጃፓን ናት። ብላይንድ ጋርዲያን በ1993 ያወጣው የመድረክ አልበም የተቀዳው ቶኪዮ ላይ ነው። ሌላዋ ያቺ የገበሬ መንደር ናት። ቶማስ የንሰንና ሆልገር ሁብነር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በ1990 ቫከን ላይ ትንሽ ዝግጅት አዘጋጁ። የተጫወቱት 6 ባንዶች፣ የመጣው ሰው 800 ያህል ነበር። የንሰን የሚጫወትበት ባንድም ከስድስቱ አንዱ ነው። በዚያ ጊዜ «ማን ይዝጋ?» ብሎ የሚጣላ ሰው የሚኖር አይመስለኝም፤ ሰው መምጣቱም ትልቅ ነገር ነበር።

በ1997 የስዊድኑ ሐመርፎል የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ፣ ስትራቶቫሪየስም በዚያው ዓመት «ቪዥንስ»ን ሲያወጣ ማዕበሉ ተመለሰ። እንግዲህ ክርክሩ ለምን እንደሚከር እዚህ ላይ ይገባችኋል። «ማን ይዝጋ?» ማለት «ማን ጎበዝ ነው?» ማለት ብቻ አይደለም። «በክፉው ቀን ማን ቆየ? ባለውለታው ማን ነው?» ማለትም ነው።

የመጨረሻው ሰዓት ለምን ተፈለገ?

አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። በፖስተሩ ላይ ስሙ ከላይ በትልቁ የሚጻፈው ባንድ ትኬት ይሸጣል፤ ክፍያውም እንደዚያው ይበልጣል። ሁለተኛው ክብር ነው። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ምክንያት ነው፤ እሱም ፀሐይ ናት።

ቫከን ወደ ሰሜን በጣም የራቀች ስለሆነች፣ በፌስቲቫሉ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቀን ላይ የሚጫወት ባንድ የፈለገውን ያህል መብራት ቢደረድር በፀሐይ ብርሃን ይዋጣል። የመብራቱ፣ የእሳቱና የጭሱ ጉልበት የሚታየው በጨለማ ነው። የመጨረሻውን ሰዓት የሚያገኝ ባንድ ጨለማውንም አብሮ ያገኛል።

ርቀትም አለ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመድረኩ 120 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ድምፁን የሚሰማው ከአንድ ሦስተኛ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 170 ምት ባለው ዘፈን ይህ ልክ የአንድ ምት ያህል ነው። ፊት ያሉት «አንድ» ሲሉ ኋላ ያሉት ገና ያለፈውን እየሰሙ ነው! ለዚህ ነው በትልልቅ ፌስቲቫሎች መሀል ሜዳ ላይ ተጨማሪ የድምፅ ማጉያ ማማዎች የሚተከሉት፤ ከዋናው መድረክ የሚመጣው ድምፅ እስኪደርስ ሆን ተብለው እንዲዘገዩ ይደረጋሉ። አድናቂዎች «ይሄ ባንድ ትልቁን መድረክ አይችለውም» ሲሉ ሳያውቁት የፊዚክስ ጥያቄ እያነሱ ነው።

ድምፅ ብንሰጥስ?

«ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምን? ድምፅ ይሰጥና ይለይ!» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። እኔም ምሕንድስና ስማር ችግር ሁሉ በቀመር የሚፈታ ይመስለኝ ነበር። እስቲ እንሞክረው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። 100 አድናቂዎች ሦስቱን ባንዶች በቅደም ተከተል አስቀመጡ እንበል፦

40ዎቹ፦ ሃሎዊን፣ ቀጥሎ ስትራቶቫሪየስ፣ መጨረሻ ብላይንድ ጋርዲያን።
35ቱ፦ ብላይንድ ጋርዲያን፣ ቀጥሎ ስትራቶቫሪየስ፣ መጨረሻ ሃሎዊን።
25ቱ፦ ስትራቶቫሪየስ፣ ቀጥሎ ብላይንድ ጋርዲያን፣ መጨረሻ ሃሎዊን።

መጀመሪያ የተለመደውን እንጠቀም፤ ብዙ ሰው አንደኛ ያደረገው ያሸንፋል። ሃሎዊን በ40 ድምፅ አሸነፈ። ግን እኮ 60 ሰው መጨረሻ ያደረገው ባንድ ነው!

እሺ፣ ሁለተኛ ዙር ይኑር። ትንሽ ድምፅ ያገኘው ስትራቶቫሪየስ ይውጣ። የእሱ 25 ሰዎች ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይሄዳሉ። አሁን ብላይንድ ጋርዲያን 60 ለ40 አሸነፈ።

ሦስተኛ ዘዴ፦ ባንዶቹን ሁለት ሁለት እያደረግን እናወዳድር። ስትራቶቫሪየስ ሃሎዊንን 60 ለ40፣ ብላይንድ ጋርዲያንን ደግሞ 65 ለ35 ይረታል። አሸናፊው ስትራቶቫሪየስ ሆነ።

ሰዎቹ ያው 100 ናቸው። አንድም ሰው ሐሳቡን አልቀየረም። የተቀየረው የመቁጠሪያ ዘዴው ብቻ ነው፤ አሸናፊው ግን በሦስቱም የተለያየ ሆነ።

የፓሪስ ሁለት ሰዎች

ይህን ችግር አስቀድመው ካዩት መካከል ሁለቱ በ18ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ነበሩ። ዣን ሻርል ደ ቦርዳ የባሕር ኃይል መኮንንና መሐንዲስ ነው። የሱ መፍትሔ ነጥብ ነው፦ ከሦስት እጩዎች አንደኛ ለሆነው 2፣ ለሁለተኛው 1፣ ለመጨረሻው 0። በእኛ ምሳሌ ስትራቶቫሪየስ 125፣ ብላይንድ ጋርዲያን 95፣ ሃሎዊን 80 ነጥብ ያገኛሉ። የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ አባላቱን ለመምረጥ በዚህ ዘዴ ተጠቅሞበታል።

ሌላው ማርኪ ደ ኮንዶርሴ ነው። እሱ በ1785 ባሳተመው ሥራው ትክክለኛው መንገድ እጩዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ ማወዳደር ነው አለ። ነገር ግን የራሱ ዘዴ ውስጥ አንድ ጉድ አገኘ። ሦስት ጓደኞችን አስቡ። አንደኛው ሃሎዊን፣ ብላይንድ ጋርዲያን፣ ስትራቶቫሪየስ ብሎ ይደረድራል። ሁለተኛው ብላይንድ ጋርዲያን፣ ስትራቶቫሪየስ፣ ሃሎዊን ይላል። ሦስተኛው ስትራቶቫሪየስ፣ ሃሎዊን፣ ብላይንድ ጋርዲያን ይላል። አሁን ቁጠሩ። ሃሎዊን ብላይንድ ጋርዲያንን 2 ለ1 ይረታል። ብላይንድ ጋርዲያን ስትራቶቫሪየስን 2 ለ1 ይረታል። ስትራቶቫሪየስ ደግሞ ሃሎዊንን 2 ለ1 ይረታል። ክብ ሆነ! እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን በደንብ ያውቃል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ፍላጎታቸው መጀመሪያና መጨረሻ የለውም።

አደገኛው ነገር እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ክብ ውስጥ ሁለቱን ባንዶች መጀመሪያ አጋጥሞ አሸናፊውን ከቀረው ጋር የሚያወዳድር ሰው ካለ፣ ውጤቱ በእጁ ነው። መጀመሪያ ሳይገባ የጠበቀው ባንድ ሁሌም ያሸንፋል። ስብሰባ መሪው ምንም ሳያጭበረብር፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ መርጦ፣ የፈለገውን ያስመርጣል ማለት ነው። ይህ ከሙዚቃ አልፎ የክፍል አለቃ ምርጫም፣ የማኅበር ስብሰባም፣ የሀገር ጉዳይም ነው።

በ1951 አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬነት አሮው ነገሩን ዘጋው። እጩዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ የሰዎችን ቅደም ተከተል ወደ አንድ የጋራ ቅደም ተከተል የሚቀይርና ጥቂት ቀላል የፍትሕ መስፈርቶችን ሁልጊዜ በአንድነት የሚያሟላ ዘዴ እንደሌለ በሂሳብ አረጋገጠ። ከመስፈርቶቹ አንዱ «አንድ ሰው ብቻውን ለሁሉም አይወስን» የሚል ነው። በ1972 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ታዲያ እንዴት ተስማሙ?

አልተስማሙም። ግን መኖሪያ ዘዴ አገኙ። መሐንዲስ አንድ ችግር አልፈታ ሲለው ጥያቄውን ራሱን ይቀይራል። ፌስቲቫሎችም ያደረጉት ይህንን ነው።

አንደኛ፣ ቦታውን አበዙ። ቫከን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዋና መድረኮች አሉት፤ አንዱ ላይ ሲዘፈን ሌላው ይሰናዳል። ዝግጅቱም የብዙ ቀናት ስለሆነ የሚዘጋው ባንድ አንድ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሁለተኛ፣ ተራ ገባ። ብላይንድ ጋርዲያን በ2011፣ ሃሎዊን በ2018፣ የስዊድኑ ሳባቶን በ2019 ቫከን ላይ ተጫውተዋል። ዘንድሮ የተሸነፈ ከርሞ ተስፋ አለው። ሦስተኛ፣ የራሱን ድግስ የደገሰም አለ፤ ብላይንድ ጋርዲያን በ2003 ኮቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ በራሱ ስም ፌስቲቫል አዘጋጅቷል።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ ግን የሃሎዊን መልስ ነው። አድናቂዎቹ ለ20 ዓመት ያህል «እውነተኛው ድምፃዊ ኪስከ ነው ወይስ በሱ ቦታ የገባው አንዲ ዴሪስ?» እያሉ ሲነታረኩ ኖረዋል። ከ2017 ጀምሮ ባንዱ ኪስከንም ሃንሰንንም መልሶ፣ ዴሪስንም ሳያስወጣ፣ ሰባት ሆኖ መድረክ ላይ ወጣ። በ2018 ቫከን ላይ የታየውም ይኸው ነው። «ከሁለቱ ማንን?» ለሚለው ጥያቄ «ሁለቱንም» ብሎ መመለስ ሁሌ አይቻልም፤ ሲቻል ግን ከየትኛውም የድምፅ ቆጠራ ይሻላል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ «ሕዝቡ የሚፈልገው ይሄንን ነው» ቢላችሁ፣ ስለ ሙዚቃ ይሁን ስለ ሌላ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ እንዴት ቆጠርከው?