አንድ ስም ለሁለት፦ ፓይተን የከፈለው ዋጋ

ጠዋት በሰላም የተገነባ ሶፍትዌር ከሰዓት በኋላ አልገነባም ይላል። ማንም አንዲት ፊደል አልነካም። እንደገና ሲሞከር ደግሞ ይሠራል። ሁልጊዜ የሚወድቅ ነገር ተፈልጎ ይታረማል፤ አንዳንዴ የሚወድቅ ግን ሲፈልጉት ይሰወራል። በመጨረሻ የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ ኮድ በመጨረሻ ያስገባው ሰው ነው። በፓይተን ዓለም ግን ጥፋተኛው የሰው እጅ ሳይሆን ስም የሆነበት ዘመን ነበር።

ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተንን እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ አምስተርዳም ውስጥ ጀመረው፤ በ1991 ለሕዝብ ለቀቀው። በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ በራሱ አይሠራም። እያነበበ የሚያስፈጽምለት ኢንተርፕሪተር፣ ማለትም አስተርጓሚ ፕሮግራም ያስፈልገዋል።

በታኅሣሥ 2008 ፓይተን 3 ወጣ። ከቀድሞው ጋር ሆን ተብሎ እንዲለያይ ተደርጎ ነበር። 1ን ለ2 አካፍል ሲባል አሮጌው 0 ይላል፤ አዲሱ 0.5። ለእኛ ፊደል ደግሞ ለውጡ ትልቅ ነበር፤ አሮጌው «ሰላም» የሚለውን ባለ 3 ፊደል ቃል በባይት እየቆጠረ 9 ይለው ነበር፤ አዲሱ 3 አለ። ለውጡ ተገቢ ነበር። ጣጣው የመጣው ከስሙ ነው።

ተርሚናል ላይ «ፓይተን» ብሎ ያዘዘ ሰው የትኛውን ማለቱ ነው? በጥቅምት 2010 አርች ሊኑክስ ስሙን ለአዲሱ ሰጠ። በ2011 ፔፕ 394 የተባለው የማኅበረሰቡ መመሪያ ደግሞ ስሙ ለጊዜው በአሮጌው ይቆይ አለ። አሮጌው በ2015 ጡረታ ይወጣል ተብሎ ነበር፤ በ2014 ዕድሜው እስከ 2020 ተራዘመ። በ2019 መመሪያው ተሻሽሎ ምርጫው ለሊኑክስ አከፋፋዮች ተተወ። ኡቡንቱ 20.04 ላይ «ፓይተን ማለት ፓይተን 3 ነው» የሚል ስም ያለው ጥቅል መጣ፤ «ፓይተን 2 ነው» የሚልም አብሮት ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ግን ማንም ደፍሮ አልቆረጠውም።

ብልሽቱ አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ኮምፒውተር አንድ ትእዛዝ ሲሰጠው በተሰጠው ዝርዝር መሠረት ፎልደሮችን በተራ ይፈትሻል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ያስነሣል። የግንባታ ሰርቨሮች ብዙ ሲሆኑ ሥራው ነፃ ወደሆነው ይላካል። አንዱ ላይ መጀመሪያ የሚገኘው አሮጌው፣ ሌላው ላይ አዲሱ ከሆነ ውጤቱ የዕጣ ጉዳይ ነው። ጥቅል የሚጭነው ፒፕም ለአንዱ ጭኖ «ተጭኗል» ይላል፤ ኮዱን የሚያስነሣው ሌላኛው «የለም» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

መድኃኒቱ በጊዜው ነበር። ኢያን ቢኪንግ በ2007 ቨርቹዋልኤንቭን ሠራ፤ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ አስተርጓሚና የራሱ ጥቅሎች ያሉት የተከለለ ጎጆ ማለት ነው። በ2012 ሐሳቡ ፓይተን 3.3 ውስጥ ገባ። ልማድ እስኪሆን ግን ዓመታት ወሰደ። የፓይተን 2 ድጋፍ በጥር 1 ቀን 2020 አበቃ፤ አፕል በ2022 ከማክ አወጣው፤ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ደግሞ ፒፕ የሲስተሙ ፓይተን ላይ እንዳሻው እንዳይጭን ከለከለ።

ከዚህ ታሪክ የሚቀረው ትምህርት አጭር ነው። ግንባታ አንዴ ሠርቶ አንዴ ሲወድቅ ኮዱን ከመመርመር በፊት፣ ሰውም ከመውቀስ በፊት፣ «ይህን ኮድ ያነበበው የትኛው አስተርጓሚ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አስተርጓሚው ሙሉ አድራሻውን በግንባታው መዝገብ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ያቺ መስመር በሌለችበት ግን ስንት ንጹሕ ኮድ ተከሰሰ፣ ስንት ንጹሕ ሰውስ ሌሊቱን ሙሉ የራሱን ስሕተት ሲፈልግ አደረ?