ሲጋርና «ኩባ ሊብሬ»

ሲጋር አጣጣሞች የኩባን ትምባሆ ከኩባ ሩም ጋር የሚያዛምዱት በጣዕም ነው፤ የትምባሆው ምሬት ከሸንኮራው ጣፋጭነት ጋር ይስማማል ይላሉ። እኛ ግን ዝምድናቸውን ከታሪክ በኩል እንመረምራለን።

በ19ኛው መቶ ዘመን የሃቫና ሲጋር ጠቅላዮች በሥራ ላይ ሳሉ ጋዜጣና መጽሐፍ የሚያነብላቸው ሰው ከደመወዛቸው እያዋጡ ይቀጥሩ ነበር። ወደ ፍሎሪዳ የተሰደዱትም ሆሴ ማርቲ እ.ኤ.አ. በ1892 ላቋቋመው የነጻነት ፓርቲ ገንዘብ አዋጡ። የአርበኞቹ መፈክር «ኩባ ሊብሬ»፣ ማለትም «ነጻ ኩባ» ነበር። ከ1898ቱ ጦርነት በኋላ ግን ይኸው ቃል ሩምና የአሜሪካ ኮካ ኮላ ለሚቀላቀሉበት መጠጥ መጠሪያ ሆነ፤ የአሜሪካም ጦር ደሴቲቱን እስከ 1902 ይዞ ቆየ።

እንግዲህ ሲጋሩና ብርጭቆው ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ የሠራተኛው መዋጮና ያልተሟላው ነጻነት አብረው መቅረባቸው መሆኑን እንገነዘባለን።