ዬሮ፦ የካፋና የሸካ አባቶች ፈጣሪ እና የደኑ ክብር

ዬሮ በካፋና በሸካ ሕዝቦች ነባር እምነት ሰማይንና ምድርን የፈጠረ፣ ከሁሉ በላይ የሆነ አምላክ ነው። መኖሪያው በሰማይ እንደሆነ ይታመናል። ክርስትናና እስልምና በአካባቢው ከተስፋፉ በኋላም ስሙ አልጠፋም፤ ዛሬም የካፋ ቋንቋ ተናጋሪዎች ፈጣሪን በዚሁ ስም ይጠሩታል።

በነባሩ እምነት ዬሮ የራቀና የከበረ በመሆኑ፣ የሰው ልጅ የዕለት ችግሩን የሚያቀርበው ኤቆ ለተባሉ መናፍስት ነበር። ኤቆ የሚያድርበት ሰው አላሞ ይባላል፤ ሕዝቡም ስለ ሕመም፣ ስለ ጠብና ስለ መከር ከእርሱ ምክር ይጠይቃል። ምድሪቱ እህልና ማር እንዳትነፍግም ደጆ የተሰኘ የመሥዋዕት ሥርዓት ይፈጸም ነበር። ኦስትሪያዊው ተጓዥ ፍሪድሪክ ቢበር የካፋን ታሪክ፣ ባህልና እምነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 እና በ1923 በታተሙ ሁለት ቅጾች መዝግቦታል።

ስለ ፈጣሪ ያለ እምነት በመሬት አያያዝ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ በሸካ ጎልቶ ይታያል። ጉዶ የተባሉት የደን ስፍራዎችና ዴዶ የተባሉት የጸሎት ቦታዎች የተቀደሱ ናቸው። በእነዚህ ስፍራዎች ዛፍ መቁረጥም ሆነ ማረስ ነውር ነው፤ የሥርዓቱ ጠባቂም ጌፒታቶ የሚባለው የጎሳ መሪ ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለው ደን ደግሞ ኮቦ በተሰኘው ሥርዓት ለቀፎ መስቀያ ተከፋፍሎ ሲጠበቅ ኖሯል። በዚህ እምነት ደኑን የፈጠረው ሰው አይደለም፤ ስለሆነም ሰው እንዳሻው ሊያጠፋው አይችልም።

ተመሳሳይ አስተሳሰብ በሩቅ አገርም ይገኛል። በመካከለኛው አሜሪካ የሚኖሩት ኪቼ ማያዎች ፖፖል ቩህ በተባለው መጽሐፋቸው፣ ቴፔውና ቁኩማትስ የተባሉት ፈጣሪዎች ሰውን መጀመሪያ ከጭቃ፣ ቀጥሎም ከእንጨት እንደሠሩት ይተርካሉ። የጭቃው ሰው ፈረሰ፤ የእንጨቱም ፈጣሪዎቹን ማሰብ ስላልቻለ ጠፋ። በመጨረሻ ሰው ከቢጫና ከነጭ በቆሎ ተሠራ። በቆሎ ለዓለም የተዳረሰው ከዚያው አካባቢ ነው፤ ዛሬ በእኛም ማሳ ይበቅላል። ማያዎች ሰውን ከሚያበላው እህል ጋር እንዳዛመዱት፣ የሸካ አባቶችም ከደኑ ጋር አዛመዱት።

ይሁንና የነባሩ ሥርዓት ኃይል እየደከመ መጥቷል። በ1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ የጎሳ መሪዎች በደኑ ላይ የነበራቸው ሥልጣን ተቀነሰ። የሃይማኖት ለውጥ፣ የሰፋሪዎች መብዛትና የቡናና የሻይ እርሻዎች መስፋፋትም ጫናውን ጨመሩ። በሌላ በኩል ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2002 ዓ.ም፣ የሸካን ደግሞ በ2004 ዓ.ም በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል።

ምዝገባው መልካም ዕድል ነው፤ ነገር ግን ወረቀት ብቻውን ዛፍ አይጠብቅም። አንድ ጉዶ ከተመነጠረ ምንጩ ይደርቃል፤ ንቡ ይሰደዳል፤ የጫካ ቡናውም ጥላውን ያጣል። እምነታችን ምንም ይሁን ምን፣ አባቶች «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ብለው ያለፉትን ደን ለልጆቻችን ማስተላለፍ የሁላችንም ኃላፊነት ነው።