አባወራው የዘመተበት ቤት
በዘመቻ ወራት የእናቶችና የሕፃናት ኑሮ፤ ከ1888 እስከ 1933 ዓ.ም.

የነገሥታት ዜና መዋዕል በአብዛኛው የሰፈርና የጉዞ ታሪክ ነው። ጸሐፊው ንጉሡን ተከትሎ ይሄዳል፤ ድንኳን በተተከለበት ያድራል፤ ድንኳን ሲነቀል አብሮ ይነሣል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክም ይህንኑ ደንብ የተከተለ ስለ ሆነ፣ አንባቢ በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱ በየት በኩል እንዳለፈና የት እንደ ሰፈረ ሊረዳ ይችላል። ነገር ግን ዘማቹ ጥሎት የሄደው ቤት በነዚያ ወራት እንዴት እንደ ዋለና እንዴት እንዳደረ ከዚያ መጽሐፍ አይገኝም። ዘማቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ቤትና ባለ ልጅ ነበር፤ ስንቁን ያዘጋጀለት ሰው አለ፤ እርሱ ሲሄድም ላም የሚጠባበቅ፣ ሰብል የሚጠባበቅ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ኋላው ቀርቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ፣ በበሬ በሚታረስበት አገር፣ አባት በዘመቻ ሳለ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት በምን ልማድ ይኖር እንደ ነበር መመርመር ነው። ነገሩ በቅርብ ሲታይ አንድ ቁም ነገር ይወጣል። የአባት መሄድ ብቻውን ቤት አያፈርስም ነበር፤ ልማዱ ያውቀዋልና። ቤት የሚፈርሰው መሄዱ ከእርሻው ወራት ጋር መስማማቱን ሲተው ነበር።

የዘመቻና የእርሻ ወራት

በክረምት ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ የጭነት ከብት ሊራመድ አይችልም። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ ዘምቶ ክረምት ሳይገባ መመለስ የቆየ ልማድ ነው። የአድዋ ዘመቻም ከዚህ ልማድ አልወጣም። የክተት አዋጅ በመስከረም 1888 ተነገረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ድሉ የካቲት 23 ቀን ሆነ፤ በግንቦት ወደ ከተማቸው ተመለሱ። በጠቅላላው ሰባት ወር ያህል ማለት ነው።

እነዚህን ሰባት ወሮች በገበሬው ቀን መቍጠሪያ ላይ ያኖሯቸው እንደ ሆነ ትርጕማቸው ይገለጻል። ጤፉ በሐምሌ ተዘርቷል፤ አረሙ በነሐሴና በመስከረም ታርሟል፤ አባወራው ሲነሣ ማሳው ገና ለምለም ነው። እርሱ በመንገድ ሳለ ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳ፣ ጥር የውቂያ ወራት ሆኖ ያልፋል። የበልጉ ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው ደግሞ የመጀመሪያው እርሻ ይጀመራል። በግንቦት የተመለሰ ሰው ለዘሩ ይደርሳል። እንግዲህ ዘማቹ ያረሰውንና የዘራውን ሌላ ሰው አጨደው፤ ሌላ ሰው ወቃው። ከዘሩ ግን አልቀረም። የቤቱ መዳን ያረፈው በዚህ ላይ ነበር።

ስንቅና ጎተራ

በዚያ ዘመን ወታደር ስንቁን የሚይዘው ከቤቱ ነው። በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው፣ የተደለዘው በርበሬ ሁሉ በሚስቱና በቤት ባሉት ሴቶች እጅ ይሰናዳል። ገብሱ ይቆላል፤ ይፈጫል፤ በአቁማዳ ይጨመራል። ይህ ሥራ ሌትና ቀን ሲሠራ ልጁ ከእናቱ ጀርባ በአንቀልባ ታዝሎ ይውላል።

ከድካሙ ይልቅ ግን መታሰብ የሚገባው ወሩ ነው። መስከረም በገበሬ ቤት የጎተራ መራቆቻ ነው፤ የአምናው እህል ወደ ማለቁ ደርሷል፤ የዘንድሮው ገና አልታጨደም። ለብዙ ወር የሚበቃ ስንቅ የሚወጣው ሕፃናቱ እስከ ኅዳር ድረስ ሊበሉት ከነበረው እህል ነው። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ካለፈ ገና አራት ዓመት ያህል ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በዚያ መከራ የከብት በሽታ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ስለ ፈጀ፣ ጥማድ በሬ ያለው ቤት እንደ ባለጸጋ ይቈጠር ነበር። የአድዋን ዘማች ስንቅ አስይዘው የላኩት እናቶች ከጥቂት ዓመት በፊት ልጅ በረሃብ ሲሞት ያዩ እናቶች ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው ለልጁ፣ ለሚስቱና ለሃይማኖቱ ሲል በሐዘን እንዲረዳ ይጠይቅ ነበር። በቤት የቀሩት ግን የረዱት በሐዘን ብቻ ሳይሆን በእህልም ነበር።

ዕርፉን ማን ይያዝ

በዚህ አገር ልማድ ሴት ታርማለች፤ ታጭዳለች፤ እህል ትሸከማለች፤ ዕርፍ ግን አትይዝም። አባት በሌለበት ቤት ከችግር ሁሉ የሚበልጠው ስለዚህ ምግብ ማብሰልም ልጅ ማሳደግም አይደለም፤ በሬውን የሚጠምድ ወንድ ማግኘት ነው። አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ያላት እናት ተስፋ አላት። ልጆቿ ሁሉ ሕፃናት የሆኑባት ግን ከውጭ መፈለግ አለባት።

መንገዱ ብዙ ነበር። ወንድሟ ወይም አማቷ በቅርብ ካለ ያርስላታል። አንድ በሬ ብቻ ያላት እንደ ሆነ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር በመቀናጆ ታጣምዳለች። ይህም ካልሆነ መሬቱን በመጋዞ ሰጥታ ምርቱን ትካፈላለች። ለአጨዳውና ለውቂያው ወንፈል ወይም ደቦ ትጠራለች። ወንፈል ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት ስለ ሆነ ሕፃን ያላት ሴት ውለታውን ለመክፈል ትቸገራለች። ደቦ ደግሞ ድግስ ይፈልጋል፤ ጠላ መጥመቅና እንጀራ መጋገር ግድ ነው። ስለዚህ በማሳው ላይ የወንድ ጉልበት የምትገዛበት ዋጋ በወፍጮና በምድጃ ላይ የምታፈሰው የራሷ ጉልበት ነው።

በዚህ ስምምነት ውስጥ የልጆቹ የወደፊት ኑሮም አለበት። ርስት በእናትም በአባትም በኩል የሚወረስ ስለ ሆነ ብዙ እናት በራሷ ወገን መሬት አላት፤ ይህ ታላቅ ኃይል ነው። ከባሏ ወገን ባለው መሬት ላይ ግን ሳይታረስ የከረመ እርሻ የዘመድን ዐይን ይስባል። እናቲቱ መሬቱን ማሳረሷ ለዕለት እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ዘማቹ ባይመለስ ልጆቹ በአባታቸው ስፍራ እንዲቆሙ ምልክት ማኖር ነው።

የቤቱ ውሎ

ቀኑ የሚጀምረው ዶሮ ሲጮህ በወፍጮ ድምፅ ነው። እናት ፈጭታ፣ ውሃ ቀድታ፣ እሳት አያይዛ ልጆቹን ስታበላ ፀሐይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወደ አረም ወይም ወደ እንጨት ለቀማ ስትሄድ ሕፃኑን የምታዝለው ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሆናት እኅቱ ናት። በዚያው ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ጥጃና በግ ይጠብቃል፤ እህሉ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ይከላከላል። ይህ ሥራ አባት ባለበትም ቤት የልጅ ሥራ ነው፤ አባት በሌለበት ግን ልጁን የሚተካው ሰው የለም።

በማዕድ ላይም ለውጥ አለ። በሞላ ቤት አባት ቀርቦ ሲበላ ልጆች ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አባት ሲዘምት እናትና ልጆች ከአንድ መሶብ ይቀርባሉ። ይህ ቅርበት ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም እናትን የሚያሳስብ ነገር አለው። «ሴት ያሳደገው» የሚለው ስድብ በአገሩ የታወቀ ነው፤ ሥርዓት የጎደለው፣ ፊት የማያውቅ ወንድ ልጅ ማለት ነው። እናት ልጇን ከዚህ ስም ለማዳን ወደ አጎቱ ትልከዋለች፤ ወይም ከየኔታ ዘንድ ፊደል እንዲቆጥር ታስገባዋለች፤ ወይም በቤት የሌለውን አባት ስም እየጠራች ትቀጣዋለች። ስለዚህ የሄደው አባት በቤቱ ውስጥ በስሙ ይገዛ ነበር።

አባቱ ከሄደ በኋላ የተወለደ ልጅም ቢሆን ሥርዓቱ አይጎድልበትም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ለጥምቀቱ የሚያስፈልገው የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ ሆነ፣ ያ ቤት በዚያ ቀን አንድ አዲስ ዘመድ ያገኛል። የቤቱ ሐዘን በልጁ ስም የሚታተምበት ጊዜም አለ፤ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ለሞተ ሰው ምትክ ሆኖ ለመጣ ልጅ የሚሰጡ ናቸው።

ማታ ጥጆች ከቤት ይታሰራሉ፤ መዝጊያው ይጠረቃል፤ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል። ወሬ የሚመጣው ከገበያ ነው፤ ነጋዴ ወይም ቆስሎ የተመለሰ ሰው የሰማውን ይናገራል። የሞት ወሬ ግን በገበያ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስበው ሳይነጋ ወደ ቤቱ ይመጣሉ፤ ይህ መርዶ ነው። ባሏ የዘመተባት ሴት ሌሊት በደጇ የብዙ ሰው ኮቴ መስማትን ትፈራ የነበረው ስለዚህ ነው።

ወራቱ የተሰበረበት ዘመን

በ1928 ዓ.ም. ነገሩ በተለመደው መንገድ ተጀመረ። ኢጣሊያ መረብን በተሻገረ ጊዜ፣ መስከረም 22 ቀን፣ የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። ስንቁ እንደ አባቶች ወግ ተሰናዳ፤ አጨዳውም በደቦና በወንፈል ተፈጸመ። ነገር ግን መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ዘማች ለዘር ወደ ቤቱ ይመለስ በነበረበት በግንቦት ወር ከሞት የተረፈው ግማሹ ተበትኖ ነበር፤ ግማሹ ዱር ገብቶ አርበኛ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የአባት መራቅ መልኩን ለወጠ። የአድዋ ዘማች እጅግ ርቆ ሄደ፤ የሚመለስበት ወር ግን ይታወቅ ነበር። አርበኛው ብዙ ጊዜ በአገሩ ጫካ፣ ከቤቱ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ ነበር፤ የሚመለስበትን ቀን ግን ማንም አያውቅም። ያልተመለሰ አባት ቤት ደግሞ የቅጣት ዒላማ ሆነ፤ ቤት ይቃጠላል፤ ከብት ይነዳል። በሬ ከተነዳ መቀናጆ የለም፤ ጎረቤት ከፈራ ደቦ አይመጣም። ዘመዱን ያስጠጋ ሰው ሊጠረጠር ስለሚችል የቆየው የመረዳዳት ልማድ ራሱ አደጋ ሆነ። ሕፃኑም አባቱ የት እንዳለ ቢጠየቅ ዝም ማለትን መማር ግድ ሆነበት። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላም ብዙዎች ተይዘው ወደ ደናኔ እስር ቤት ተወሰዱ፤ ከመኳንንቱ ወገን ከነቤተሰባቸው ወደ ኢጣሊያ የተጋዙም ነበሩ።

አዋጁ በተነገረ ወር የተወለደ ልጅ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ አምስት ዓመት ከሰባት ወር ይሆነዋል፤ በግ ለመጠበቅ የደረሰ ልጅ ነው። አባቱ በሕይወት ቢመለስ ለዚህ ልጅ በወሬ የሚያውቀው እንግዳ ሰው ነበር። አባት ሲገባ ልጁ ከእናቱ ጋር ይቀርብበት ከነበረው መሶብ ይነሣና ቆሞ ይጠብቃል። የነፃነት ታሪክ ሲጻፍ ይህ ትንሽ ለውጥ አይታሰብም፤ በብዙ ቤት ግን የሰላም መመለስ ለሕፃን የተገለጸው በዚህ ነበር።

እናት የሄደች እንደ ሆነ

እስከዚህ የተባለው ሁሉ እናት በቤት መቅረቷን መሠረት ያደረገ ነው። ሆኖም እናትም ትዘምት ነበር። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው አድዋ እንደ ዘመቱ የታወቀ ነው። ከሠራዊቱ ጋር እህል የሚፈጩ፣ ውሃ የሚቀዱ፣ ቍስለኛ የሚያነሡ ብዙ ሴቶች ተጉዘዋል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ሕፃን አዝለው ሲሄዱ፣ ሌሎች ልጃቸውን ለአያቱ ትተዋል። ለአባት ስፍራ መጋዞ፣ መቀናጆ፣ ደቦ የተባለ ስም ያለው ደንብ አለ፤ ለእናት ስፍራ ግን እንዲህ ያለ ደንብ አልነበረም። የእናትን ቦታ የሚይዝ ሌላ ሴት ብቻ ነው፤ እርሷም አብዛኛውን ጊዜ አያት ናት።

ይህ ልዩነት ለኋለኛው ዘመን ማስረጃ ይሆናል። ካለፉት አሥርታት ጀምሮ ከወሎና ከሌሎችም አገሮች ብዙ ሴቶች በቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ሊባኖስ ሄደዋል። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞውን አገደ፤ በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 ወጣ፤ እገዳውም በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። በእነዚህ ቤቶች የሚመጣው ገንዘብ በሬ ይገዛል፤ አራሽም ይቀጥራል። የቆየው ትልቅ ችግር፣ የዕርፉ ነገር፣ በገንዘብ ተፈትቷል። ሕፃኑን የያዘችው ግን አሁንም አያት ናት፤ የእርሷ ጉልበት በውል የሚታወቅ አይደለም።

እንግዲህ የዘመቻን ታሪክ የሚመረምር ሰው ሠራዊቱ ስንት እንደ ነበረ ሲቈጥር ሁለት ጥያቄ ቢጨምር ይበጃል፤ ይኸውም በዚያ ዓመት የዘማቹን ማሳ ማን አጨደ፣ ልጁንስ ማን አዘለ የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ በደቦና በመጋዞ ልማድ ውስጥ ይገኛል። የሁለተኛው ባለቤቶች ግን ስማቸው ያልተጻፈ አያቶችና ስድስት ዓመት የሆናቸው እኅቶች ናቸው።