ጠፍቶ የሚመሰክረው ቅንጣት

ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው ራዲዮ ነው። ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ብረት ቤቱ ብዙ ነው፤ በርና መስኮት ይበየዳል። ራዲዮውም ብየዳውም የሚሠሩት በብረት ውስጥ በሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች ነው። ለመሆኑ እነዚህን ኤሌክትሮኖች ብረቱን ሳይቆርጡ ማጥናት ይቻላል? ይቻላል። መንገዱን የከፈቱት ግን ስለ ብረት ጨርሶ ያላሰቡ ሰዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1928 እንግሊዛዊው ፖል ዲራክ ኤሌክትሮንን የሚገልጽ ቀመር ጻፈ። ቀመሩ ያልተጠበቀ ነገር ይዞ መጣ። በ1931 ዲራክ እንደ ኤሌክትሮን የሚመዝን፣ ቻርጁ ግን ፖዘቲቭ የሆነ ቅንጣት መኖር አለበት አለ። በ1932 አሜሪካዊው ካርል አንደርሰን ከህዋ የሚመጣ ጨረር የተወውን ዱካ ፎቶ ሲያነሳ ቅንጣቱን አገኘው። ፖዚትሮን ተባለ። አንደርሰን በ1936 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ፖዚትሮን ኤሌክትሮንን ሲያገኝ ሁለቱም ይጠፋሉ። በምትካቸው ብዙውን ጊዜ ሁለት የጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ። ኤሌክትሮኑ የቆመ ቢሆን ኖሮ በጨረሮቹ መካከል ያለው ማዕዘን ልክ 180 ዲግሪ ይሆን ነበር። ኤሌክትሮኑ ስለሚንቀሳቀስ ግን ከአንድ ዲግሪ በታች ይዛነፋሉ። በ1950 አካባቢ ዴ ቤኔዴቲና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ይህችን መዛነፍ ለኩ። ከመዛነፉ ተነሥቶ በብረቱ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ማወቅ ተቻለ።

ሌላም ጥቅም ተገኘ። ከብረቱ አንድ አተም ከጎደለ ፖዚትሮኑ ጉድለቱ ውስጥ ይያዛል፤ እዚያ ኤሌክትሮን ስለሚያንስ ዕድሜው ይረዝማል። ደህና አሉሚኒየም ውስጥ ዕድሜው ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ 160 ያህል ሲሆን፣ አተም በጎደለበት 240 ገደማ ይደርሳል። በዓይን የሚታይ ስንጥቅ ገና ሳይፈጠር ጉዳቱ ይታወቃል። ሆስፒታል ውስጥ ካንሰር የሚፈልገው ፔት ስካንም የሚሠራው በዚሁ የፖዚትሮን መጥፋት ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከመቶው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ተወስኖ ነበር። ሆኖም ንጹህ ፊዚክስ ብዙ ጊዜ በምርጫ ቅጹ ግርጌ የሚጻፍ ትምህርት ሆኖ ቆየ። «ተምሮ ምን ይሠራበታል?» ይባላል። በ1931 ዲራክን ይህን የጠየቀው ቢኖር ኖሮ፣ ስለ ብረትም ስለ ካንሰርም የሚመልሰው አልነበረውም። መልሱ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ፈጀ። ሀገር ብረት ቆራጭና በያጅ ያስፈልጋታል፤ እሱን የሚክድ የለም። ዛሬ ጥቅሙን ሊነግረን የማይችለውን ተመራማሪ ግን ካላስቀመጥን፣ የነገውን መሣሪያ ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ገበያ እንገዛለን።