ሳትቆጠሪ ለሄድሽው

እቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። እንዴት ከረምሽ አልልሽም፤ የሄደ ሰው እንዴት ይከርማል? ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብዬ ነው። እኛ እንደ ፈቃዱ አለን።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ታሪክ ነው። አትሳቂ! ታሪክ ክፍለ ጊዜ ላይ የማንቀላፋው እኔ ነበርኩ፣ አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ የሄድሽበት የኮሮና ጊዜ ብዙ ዓመት ሳያልፈው ሰው ረስቶታል። ወሬው ሲነሳ «ያ ጭንብል የምናጠልቅበት ጊዜ» ይባልና ተስቆ ይታለፋል። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ጋዜጠኝነት ስማር የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር የሚታወሰው የተጠየቀለትና የተጻፈለት ሰው መሆኑ ነው። ስለዚህ ጎንደርና አካባቢዋ ከዚህ በፊት ወረርሽኝ ሲመጣ ሟቾቻቸውን ምን አደረጓቸው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያንቺን ቦታ ፍለጋ መሆኑ ነው።

ከቁስቋም ልጀምርልሽ፤ ፈተና ሲደርስ ደብተራችንን ይዘን ከምንወጣበት ከእቴጌ ምንትዋብ ግቢ። በ1770 (እ.ኤ.አ.) ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ሕክምና ጥቂት ያውቃል ተብሎ ወደ ግቢው ተጠራና የታመሙትን የመሳፍንት ልጆች አስታመመ። ምን እንዳደረገ ራሱ ጽፎታል፤ በርና መስኮቱን አስከፈተ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ። (በ2012 ዓ.ም. የተነገረንን ልብ በይ፤ መስኮት ክፈቱ፣ ታጠቡ…) ብሩስ በቤተ መንግሥቱ የተወደደው በዚህ ነው። ስለ ግቢው ልጆች ዛሬም ድረስ እናነባለን። ከግቢው አጥር ውጭ ያለችው የሸማኔው ልጅስ? የውኃ ቀጂዋስ? እነሱ አልተጻፉም። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው ደግሞ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ልጅ እንዳለቀ አስቢው።

ቀጥሎ «ክፉ ቀን» አለልሽ፤ ከ1888 እስከ 1892 (እ.ኤ.አ.)። ጎንደርን በ1888 መጀመሪያ ላይ ድርቡሽ አቃጥሏታል። በዚያው ሰሞን በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አገር ምድሩን አዳርሶ በሬውን ፈጀው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ ረሃብ ነው፤ ረሃብ ባለበት ኮሌራውም ፈንጣጣውም ሰው አይመርጡም። አንዲት የወገራ ሴት በዚያ ዘመን ብትሞት በምን ሞተች ትያለሽ? በረሃብ? በኮሌራ? በበሬው ሞት? በጦርነቱ? መልሱ አንድ አይደለም። ይህን ነገር ያዢልኝ፤ ወደ አንቺ ስመጣ እመለስበታለሁ።

የኅዳር በሽታን ታውቂዋለሽ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። ብዙ ሺህ ሰው ሞተ፤ ራስ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ራሳቸው በጠና ታመው ነው የተረፉት። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ግን ጭሱ ውስጥ ቆሞ ዓይኑን የሚያሸውን ልጅ «ይህ የማን ለቅሶ ነው?» ብትይው ትከሻውን ይነቀንቅልሻል። በሽታውን አስታውሰን በሽተኛውን ረሳነው።

አሁን ደግሞ ደስ ወደሚለኝ ልውሰድሽ። ከአዘዞ አልፈሽ ወደ ጣና ስትወርጂ የደምቢያ ሜዳ ይዘረጋል። በ1953 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ወባ ተነስቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ። የዚህ እልቂት ወሬ በሜዳው ላይ አልቀረም፤ ተቆጠረ፣ ተጻፈ፣ ተጠየቀበት። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1954፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ ዕርዳታ ጋር ሆኖ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈተ። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የጤና አጠባበቅ ባለሙያ እያሠለጠነ በቡድን በቡድን ወደየጠቅላይ ግዛቱ ላከ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ ያደገ ነው። ያ ነጭ ጋዋን ለብሶ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ የሚጠጣው ተማሪ ሁሉ ሳያውቀው የደምቢያ ሟቾች ውርስ ነው።

አንድ ኮሌጅ ወባን አላቆመውም፤ እውነቱን እንነጋገር። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ወባው በደጋና ወይና ደጋው ተነስቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ የሟቹ ግምት 150,000 ነው። እሱም ስለተቆጠረ በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ያየሁት ልዩነት ይኸውልሽ፤ የቁስቋም ደጅ ሟቾች አልተጠየቁም፣ ምንም አልበቀለባቸውም። የደምቢያዎቹ ተጠየቁ፣ ትምህርት ቤት በቀለባቸው።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ ተባለ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ተበትኜ ጎንደር ገባሁ፤ አንቺ ዳባት እናትሽ ጋ። የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ፌጦና ዳማከሴ ክብር አገኙ። በየሱቁ በር ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ተሰቀለ። ሦስት ጊዜ ካልተሳሳመ ሰላም ያለ የማይመስለው ጎንደሬ በክርን ሰላም ሲባባል ብታዪው! ፋሲካን በየቤታችን ዋልን። አንቺ ጋ ስደውል እንኳ ከድምፅሽ በፊት የሚቀበለኝ የቴሌ የኮሮና ማስጠንቀቂያ ነበር። አንቺ ደግሞ ታነሺና «እጅሽን ታጥበሽ ነው የደወልሽው?» ትይኛለሽ።

አንቺን ኮሮና አልገደለሽም። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም የደብዳቤዬ ጉዳይ ይኸው ነው። የልብ ሕመምሽ የልጅነት ነው። ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ የልብን በሮች ይጎዳል፤ በአገራችን ስንቱን ወጣት የሚጥለው ይህ ነው። በየወሩ የምትወጊው የፔኒሲሊን መርፌ ሕመሙ እንዳያገረሽ ነበር። ከዚያ መኪና በግማሽ ይጫን ተባለ፣ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ከዳባት ጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእናትሽ ኪስ ግን ባሕር ማዶ ሆነ። ደግሞ «ሐኪም ቤት የገባ በሽታውን ይዞ ይወጣል» የሚል ወሬ ነበር፤ እሳቸውም ፈሩ። ማን ያልፈራ አለ? አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ ክረምቱ ሊገባ ሲል መርዶሽ መጣ።

ያን ሰሞን በየቀኑ የጤና ሚኒስቴርን መግለጫ እናነብ ነበር። ዛሬ ይህን ያህል ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተያዘ፣ ይህን ያህል ሞተ። ሟቹ ዕድሜና ጾታ ነው፤ ስም የለውም። አንቺ እዚያም ውስጥ የለሽም። እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ በኮሮና ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ከ7,500 ትንሽ ይበልጣሉ፤ አንቺ ከነሱ አይደለሽም። የክፉ ቀኗን የወገራ ሴት ያዢልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። አንቺም በምን ሞትሽ ቢሉኝ መልሱ አንድ አይደለም፤ ልብሽ፣ መንገዱ፣ ታሪፉ፣ ፍርሃቱ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) አንድ ስሌት አወጣ። በ2020 እና በ2021 በዓለም ላይ በኮሮና ሞቱ ተብለው የተነገሩት 5.4 ሚሊዮን ናቸው። ወረርሽኙ ባይመጣ ኖሮ ይሞታል ተብሎ ከሚጠበቀው በላይ የሞተው ሰው ግን 14.9 ሚሊዮን ያህል ሆነ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ኮሮና ይዟቸው ያልተመረመሩ አሉ፤ መንገድ ተዘግቶባቸው፣ ሐኪም ርቋቸው የሞቱም አሉ። ስፈልግሽ የከረምኩት አንቺን እዚያ አገኘሁሽ መሰለኝ። ሰፊ ቦታ ነው፤ ጨለማ ነው፤ ስም የሚባል የለበትም።

ቀብርሽ በጥቂት ሰው ሆነ። ድንኳን የለ፣ ሙሾ የለ፣ ፍትሐቱ ብቻ። እናትሽ «ልጄን አገር እንደሌላት ቀበርኳት» ይላሉ እስከ ዛሬ። አርባሽ እንዲሁ አለፈ። ሙት ዓመትሽ ደርሶ ተዝካሩ ከክረምት በኋላ ይሁን ተባለ፤ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደረሰ፣ ጭና ላይ ንጹሐን ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የሦስት ዓመት ልጅ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሲሞት ስለ አንድ መርፌ ማን ያወራል? አንዱ ሐዘን በሌላው ላይ ተከመረ፤ ያንቺ ከታች ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ ሁኔታው አበቃ ሲል ዜናውን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። እዚያው ዳባት ላይ ዩኒቨርሲቲው ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያቋቋመው የምርምር ጣቢያ አለ። ሠራተኞቹ በተመረጡ ቀበሌዎች ከቤት ቤት እየሄዱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ ብለው ይመዘግባሉ። ሰው ሲሞት ቤተ ሰቡን ቁጭ አድርገው ይጠይቃሉ። ምን ጀመራት? ስንት ቀን ተኛች? ታብጥ ነበር? ሐኪም አይቷት ነበር? የብዙ ሰው ሞት ያለ ሐኪም ማስረጃ በሚያልፍበት አገር የሞትን ምክንያት ማወቂያው አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ይህን ሳነብ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? ለቅሶ ቤት። እኛ ለቅሶ ስንደርስ የምናደርገው ይህንኑ አይደል? «ምን ነካት? እንዴት ጀመራት?» እንላለን። እናት ለመጣው ሁሉ ከመጀመሪያው ትናገራለች፤ አንዷ ጎረቤት «የኔም ልጅ እንዲያ ያደርጋታል» ትላለች፤ ሌላዋ «ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰጃት» ትላታለች። ድንኳኑ ለማልቀስ ብቻ አልነበረም፤ መጠያየቂያም ነበር። በ2012 ለቅሶው ሲቀር ጥያቄውም አብሮ ቀረ። ያንቺን ታሪክ ሰምታ ልጇን ለመርፌ ትወስድ የነበረች አንዲት የዳባት እናት ሳትሰማ ቀረች ማለት ነው። አዋጁን አልወቅስም፤ በሽታው በእጃችን እንዳይዛመት ነበር። ግን አዋጁ ተነስቶም ጥያቄውን ማንሳት ነበረብን፤ አላነሳነውም።

እና ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡት ለኛ ትውልድ አንድ አደራ እላለሁ። በ2012 እና በ2013 በየቤቱ በጥቂት ሰው የተቀበረ አለ። ሂዱና ለቅሶ ድረሱ፤ ዘገየ አትበሉ፣ በኛ አገር ለለቅሶ ዘግይቶ የደረሰ ይወቀሳል እንጂ አይባረርም። ተቀመጡና ምን ነካው፣ እንዴት ጀመረው በሉ። የነገሯችሁን ጻፉት፣ ከነስሙ። አያቶቻችሁንም ስለ ወባው ዘመን ጠይቁ፤ የሚያስታውሱት ሰው ገና አለ።

እኔ ዳባት ሄጄ እናትሽን ጠየቅኋቸው። ከምሳ እስከ ማታ ነገሩኝ፤ ሁሉንም ጻፍኩት። ከጎረቤት የመጡ ሁለት ሴቶች አብረውን ሰሙ፤ አንደኛዋ የልጇ ጉሮሮ እንደሚመላለስባት ተናገረች። በማግስቱ ይዛት ጎንደር ወረደች።

በይ እቴ፣ በሰላም እረፊ። ቸር ወሬ ሳገኝ እጽፍልሻለሁ።